እናቴ የደበቀችው ስም

ስሜን አልነግራችሁም። ስለ ስም ላወራ ተነሥቼ ስሜን መደበቄ እንግዳ ነገር መስሎ ከታያችሁ እናቴን አታውቋትም ማለት ነው። እናቴ ይህን ጽሑፍ አታነብም፤ ፊደል አልቆጠረችም። ያነበበ ሰው ግን ሄዶ ይነግራታል። ስለዚህ ለጊዜው «እሱ ሰውዬ» ብላችሁ ያዙኝ። ይህን ስም ማንም ለክፉ ሊጠቀምበት አይችልም።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ከተማችን ራሷ ሁለት ስም አላት። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ወጀት ይሏታል፤ መንግሥትና የሚኒባስ ረዳት ፍኖተ ሰላም ይሏታል። እኔ ወጀትን የዓለም ስሟ፣ ፍኖተ ሰላምን የክርስትና ስሟ አድርጌ ነው የያዝሁት። እንደ ማንኛውም ክርስቲያን እኔም ሁለት ስም አለኝ። ልዩነታችን፣ እሷ ሁለቱንም ታውቃለች፤ እኔ ግን እስከ ሠርጌ ሳምንት ድረስ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። አንድ ዓመት የቡሬን በርበሬ ሊያጠኑ የመጡ ፈረንጅ አዛውንት ይዤ ምዕራብ ጎጃምን ስዞር ከረምሁ። ሰውዬው መታወቂያዬን አዩና «ሚስተር ይሄነው» ይሉኝ ጀመር። ይሄነው አባቴ ነው። አባቴ በሕይወቱ ከቡሬ ገበያ አልፎ የሄደበትን ቀን አላስታውስም፤ ከሞተም ቆይቷል። ከፈረንጁ ጋር ግን ዱርቤቴን አየ፣ ባሕር ዳር አደረ፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ሥር ፎቶ ተነሣ። «የኔ ስም አይደለም፣ የአባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ የለም» ብዬ ላስረዳቸው ሞከርሁ።

«ትርጉሙስ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ይህ ነው ማለት ነው።»

«ምኑ?»

ምኑን የምታውቀው አያቴ ብቻ ነበረች። የፈረንጁ የቤተሰብ ስም ደግሞ በአገራቸው ቋንቋ «ባለ ወፍጮ» ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ወፍጮ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የላቸውም። አባታቸውም አያታቸውም አልነበራቸውም። እንግዲህ ማን እንደ ፈጨበት የማያውቁትን ወፍጮ ተሸክመው ይዞራሉ ማለት ነው። በጣም አዘንሁላቸው። እኛ ዘንድ ስም ይወጣል እንጂ አይወረስም፤ ልጅ ሲወለድ እናት ወይም አያት የልቧን ትናገርበታለች። የምትናገረው ለልጁ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ለጎረቤት ነው።

ጎረቤት ካልሁ አይቀር እትየ ይታይሽን ላስተዋውቃችሁ። ያደግሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። የኛንና የእትየ ይታይሽን ግቢ የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ነው። እናቴና እሷ እህትማማች የሚመስሉ ወዳጆች ነበሩ ይባላል። እኔ አልደረስሁበትም፤ ማለት ደርሼበታለሁ፣ ግን አራስ ቤት ነበርሁ። ክርስትና በተነሣሁ ሰሞን እናቴ ግቢዋ ውስጥ በርበሬ አስጥታ ሳለ የእትየ ይታይሽ ጊደር አጥር ጥሳ ገባች። በርበሬውን ረገጠችው። ረግጣም አልሄደች፣ ተኛችበት። እናቴ ፍልጥ አንሥታ መታቻት። ጊደሪቱ እያነከሰች ስትመለስ ያየች እትየ ይታይሽ፣

«በጊደሬ ያደረግሽው በልጅሽ ይድረስ!» አለች።

ልጅ እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ ገና አልነበረም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ሳይመለስ ቀረ። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምራ አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ የክርስትና ስሜን። ሰውን በመተት ለመያዝ የክርስትና ስሙና የእናቱ ስም ያስፈልጋል ይባላል። የእናቴን ስም እትየ ይታይሽ ታውቀዋለች፤ ያ ሊደበቅ አይችልም። የቀረው የኔ ነው። እናቴ የኔን ስም ቀበረችው።

ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ ቃል አልተነጋገሩም። በልጅ ስም ግን ተነጋገሩ። እትየ ይታይሽ ወንድ ልጅ ወለደችና ማንያዘዋል አለችው፤ ማን ሊያዘው ይችላል ማለቷ ነው። እናቴ ታናሼን ወለደችና አለባቸው አለችው፤ የሚችሉት ከሆነ ይቻሉት። እትየ ይታይሽ አስናቀ ብላ መለሰች። እናቴ ይበልጣል አለች። ማታ ማታ ልጆች ለራት ሲጠሩ መንደሩ የሚሰማው ሙግት ነበር። «ማንያዘዋል!» ይላል አንዱ ግቢ። «አለባቸው!» ይላል ሌላው። «አስናቀ!» «ይበልጣል!» እኛ ልጆቹ ግን አብረን ከወንዝ ነበር የምንመለሰው።

ይበልጣል በተወለደ ዓመት አባቴ ሞተ። እትየ ይታይሽ ለቅሶ መጣች፤ ከደጅ ቆማ አለቀሰችና ሳትገባ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ታረቀኝ አለችው።

መንደሩ ሁሉ እናቴን አየ። እናቴ ግን «ለእግዚአብሔር ነው ያለችው፣ ታረቀኝ ብላ፤ እኔ ምን አገባኝ» አለች። መልስ ልስጥ ብትልስ በምን ትስጥ? ከእንግዲህ የምትሰይመው ልጅ አልነበራትም። እኔ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ብሆንም፣ ማታ እትየ ይታይሽ «ታረቀኝ! ታረቀኝ!» እያለች ስትጣራ፣ እናቴም ጭሱ ውስጥ አጎንብሳ ያልጠፋ እሳት እፍ ስትል ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ሆኖ አደግሁ። ንስሐ አባቴ የክርስትና ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የሚቆጡኝ በዓለም ስሜ ነበር። ታዲያ በፍኖተ ሰላም ትርንጎን አገኘሁ። ስለ ትርንጎ ብዙ አልናገርም፤ ሚስቴ ነች፣ እሷ ደግሞ ታነባለች። አባቷ መሪጌታ ናቸው። ብዙ ደቀ መዝሙር ያስተማሩ፣ ሁሉም የኔታ የሚላቸው ሰው። ልጃቸው በቁርባን እንጂ በሌላ እንደማትዳር አስቀድመው ተናግረዋል። እኔም ደስ እያለኝ እሽ አልሁ። ሠርጉ በጥር አንድ እሑድ ሊሆን፣ በዚያው ሳምንት መጀመሪያ አስጠሩኝ።

«የክርስትና ስምህ ማነው?» አሉኝ።

«እናቴ ነች የምታውቀው፣ የኔታ።»

«አንተስ?»

«እኔ አልተነገረኝም።»

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ደኅና የሚያዩኝ መስሏቸው ይሆናል።

«በምን ስም ልትቆርብ ነው ታዲያ? ‹እሱ ሰውዬ› ተብለህ?»

«ካልተገኘ አዲስ ቢሰጡኝስ?»

«ጥምቀት አንዲት ናት!» አሉኝ። «እንደ ስልክ ቁጥር የምትቀያይራት መሰለህ?»

ከደጅ ሳልርቅ እናቴ ጋ ደወልሁ። ነገሩን ሳልጨርስ «ዝም በል!» አለችኝ። «እንደት በስልክ ትጠይቀኛለህ? መካከል ላይ ማን እንዳለ በምን ታውቃለህ?» ብላ ዘጋችው። በማግሥቱ በሚኒባስ ቡሬ፣ ከቡሬ በባጃጅ መንደር ገባሁ። ቤቱ ለሠርግ በመጡ ዘመዶች ሞልቷል። እናቴ ከጓዳ አስገባችኝ፤ በሩን ዘጋች። አንዲት ዶሮ ጥግ ይዛ ተኝታለች። እሷንም አስወጣቻት።

«ዶሮ ምን ታደርግሻለች እማ? አትናገር።»

«የማን ዶሮ እንደሆነች መች አየሃት? ከዚያ ማዶ ነው የመጣች» አለችኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና ቆም አለች። «ለማን ልትነግር ነው?»

«ለመሪጌታ።»

«ለመሪጌታ!» አለችና ደረቷን ያዘች። «ስንት ዘመን ሙሉ ከመሪጌታ ስደብቅህ ኖሬ፣ አንተ በእግርህ ሄደህ!»

«ሊያጋቡኝ ነው እንጂ ሊደግሙብኝ መሰለሽ? አማቴ ናቸው እኮ!»

«አማት መሆኑስ መች አጽናናኝ» አለች። ብዙ ከለመንኋት በኋላ ግን በጆሮዬ «ኃይለ ሚካኤል» አለችኝ።

ደስታ አቅበጥብጦኝ ደጅ ወጣሁና ለየኔታ ደውዬ ነገርኋቸው። ስልኩን ስዘጋ ከማንኩሳ የመጣችው አክስቴ ስንዴ ከምትለቅምበት ቀና አለች።

«ማነው ኃይለ ሚካኤል?»

«እኔ ነኛ፣ እትየ።»

«አንተ ገብረ ሥላሴ አይደለህ እንደ? እናትህ እኮ ነች በጆሮየ የነገረችኝ።»

ይህን የሰማ ከፈረስ ቤት የመጣ አጎቴ ከመደቡ ተነሣ። «ምን ገብረ ሥላሴ ትያለሽ፣ ወልደ ማርያም ነው እንጅ! ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፣ በምሥጢር!» አለ። አክስቴ በሥላሴ ማለች። አጎቴ በማርያም ማለ። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ማን እንደሆንሁ ፍርድ እጠብቃለሁ። ለዳስ ከመጣው የሰንበሌጥ ክምር አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ዘመድ ደግሞ ቀስ ብለው «ተክለ ሃይማኖት አልነበረም?» አሉ።

እናቴ ተጠራች። መጀመሪያ ሁሉንም አየቻቸው። ከዚያ ሳታፍር፣

«ለየሰዉ ለየብቻ ነው የነገርኋችሁ» አለች። «ስሙ ከወጣ ከማን አፍ እንደወጣ እንዳውቅ ብየ።»

 አጎቴ ለመቆጣት አፉን ከፈተ፤ ግን ሲያስበው ዘዴው እሱንም ያስደነቀው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። እኔ ስንት የተማረ ሰው ይዤ የዞርሁ ሹፌር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም።

«እውነተኛውስ እማ?»

«እውነተኛውን ለማንም አልነገርሁ።»

«እኮ ለኔ ንገሪኛ።»

እናቴ ወደ ሰማይ ቀና አለች። ከዚያ ወደ መሬት አየች። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ልጀ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰው ሲሰማ ያመልጠኝ ይሆን ብየ እየፈራሁ ባፌ ጠርቸው አላውቅ። ከልቤም እየደበቅሁት ኖርሁ። አሁን ብፈልገው ብፈልገው… ሐሰተኞቹ ናቸው የሚመጡብኝ።»

አለቀሰች። እናቴን ስታለቅስ ያየሁት አባቴ የሞተ ጊዜ ብቻ ነበር። «የልጇ ስም የሚጠፋባት ምን ዓይነት እናት ነች» እያለች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሳቄ ጠፋ፤ እጇን ያዝሁ።

«ስትጸልዪልኝ ምን ትይ ነበር ታዲያ?»

«‹ልጀን› ነዋ የምል። እሱ ያውቃል።»

እሱ ማወቁ ጥሩ ነው፤ የኔታ ግን አያውቁም። ደወልሁላቸው። ስልኩን እንዳነሡ «አሁን ደግሞ ማን ሆንህ?» አሉኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኋቸው። «እስከ ሠርጉ ዋዜማ ማን እንደሆንህ አጣርተህ ንገረኝ፤ ለማን እንደምድር ሳላውቅ ልጄን አልድርም» ብለው ዘጉ። ቀጥሎ ትርንጎ ደወለች። እሷ እንኳ ከአባቷ ትሻላለች። «ማንንም ሁን፣ ግን ቶሎ ሁን» አለችኝ።

ያጠመቁኝ ቄስ አርፈዋል። የቀሩት የክርስትና አባቴ አያ ደረሰ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ በገበያ ቀን ግን በግ ይዘው ቡሬ ይወርዳሉ። የሠርጉ ዋዜማ ደግሞ ገበያ ነው። ገና ሲነጋ ልነሣ ስል እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ አገኘኋት።

«አንች ወዴት ነሽ?»

«አብሬህ ነኛ። አንተ ቀስ ብለህ መጠየቅ አታውቅበትም።»

አያ ደረሰን የበግ ተራው ዳር፣ ከበርበሬው ተራ ጀርባ አገኘናቸው። ጎንበስ ብለን ተሳለምናቸው። እናቴ ግራ ቀኝ አየች፤ ነጠላዋን በሳቸውም በሷም ራስ ላይ እንደ ድንኳን ጣለችና በጆሯቸው ሹክ አለች። ድንኳኑ ውስጥ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ከድንኳኑ የወጣው የአያ ደረሰ ድምፅ ግን ይሰማል።

«ምን አልሽ?»

እናቴ ደገመች።

«በግ? ይኸኛው ሙክት ነው!»

አያ ደረሰ ጆሯቸው ከደከመ መቆየቱን ከእኔና ከእናቴ በቀር ገበያተኛው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። እናቴ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገች። «ክርስትና» የሚለውን ብቻ ሰሙና የማን ልጅ ክርስትና ዛሬ እንደሆነ ጠየቋት። አሁንም ከፍ አደረገች። ከፍ ስታደርግ ሰው ዞረ። ሰው ሲዞር ተናደደች፤ ስትናደድ ሁሉንም ረሳችው። ነጠላዋን ገፈፈችና በሙሉ ጉሮሮዋ፣

«የልጀ! የክርስትና! ስም! ማነው?» አለች።

 አያ ደረሰ ፊታቸው በራ። ጆሮው የከበደው ሰው ሌላውም የማይሰማው ይመስለዋልና፣ በትራቸውን ወደኔ ቀስረው ስሜን ለበጉ ተራም፣ ለበርበሬው ተራም፣ ከአስፋልቱ ማዶ ለቆሙት ሚኒባሶችም አሰሙ። ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙት። «እኔ ነኝ ያነሣሁህ! እኔ ነኝ አቅፌ የያዝሁህ!» አሉኝ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ማወቅ የፈለገ ቡሬ ወርዶ ያገኘውን ሰው ይጠይቅ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ሁሉ ዘመን የለፋችበት ነገር በአንድ ትንፋሽ ገበያ ወጣ። እኔም ስሜን በማግኘቴ መደሰት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን እሷን እያየሁ መደሰት አልቻልሁም። ያን ጊዜ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ፣

«ልክ ናቸው፣ አልተሳሳቱም። እሱ ነው ስሙ» አለች።

ዞር ብንል እትየ ይታይሽ ነች። በርበሬዋን ዘርግታ ተቀምጣለች።

እናቴ ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረቻት። «አንች በምን አወቅሽ?»

«ሰምቸ ነዋ። የክርስትናው ዕለት ማተቡን ረስተሽው ሄደሽ የለ? ድግሱን ትቸ በሩጫ ተከተልኋችሁ። በዲያቆኑ እጅ ሰደድሁልሽና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ኋላ ቆምሁ። ስሙ ሲጠራ እልል ያልሁ እኔ ነኝ።»

«እስከ ዛሬ ታውቂው ነበር?»

«እስከ ዛሬ።»

 እትየ ይታይሽ እሷን ትታ ወደኔ ዞረች።

«ልጀ፣ ያን ጊዜ ተናድጄ ክፉ ቃል ተናገርሁብህ። ማታውን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሚካኤል ስሳለም ከልጆቸ አስቀድሜ አንተን ነው በስምህ የምጠራህ፤ ቃሌ እንዳይደርስብህ። ሹፌር ሆነ ሲሉኝማ ዓርብና ረቡዕንም ጨመርሁ።»

እኔ ብዙ ጊዜ በጎበዝነቴ ከገደል የተረፍሁ ይመስለኝ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለኝን ቀን አስታወስሁ። እናቴ የደበቀችው ስም የሚጠራው በአጥሩ ማዶ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብዬ የእትየ ይታይሽን ጉልበት ሳምሁ።

እናቴ ግን አላቀፈቻትም፣ አላለቀሰችም፣ ይቅር በይኝም አላለቻትም። ቁጢጥ አለች፤ ከተዘረጋው በርበሬ አንድ ዛላ አንሥታ ሰበረችው። አሸተተችው። ፍሬውን በጣቷ ፈተገችው።

«ይኸ በርበሬ አልደረቀም» አለች።

«አልደረቀም» አለች እትየ ይታይሽ።

«ያንች ግቢ ጥላ ይበዛበታል። ነገ ሠርግ ነው፤ ሰኞ አምጭና ከኔ ግቢ አስጭው። ፀሐይ አለው።» እጇን አራገፈችና ጨመረች። «ከብት ካለሽ እሰሪ።»

በማግሥቱ ቆረብን። የኔታ ስሜን ሲጠሩ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ትርንጎ በክርኗ ነካችኝ።

ዓመት ሳይሞላ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን እኔ ነኝ የማወጣው አለች እናቴ፤ ማንም አልተከራከራትም። ክርስትና ተነሥቶ መንደር የወሰድነው ዕለት፣ ወደ ማታ ላይ፣ ሕፃኑን ከትርንጎ እቅፍ ተቀበለችና ወደ ቅንጭቡ አጥር ሄደች። ስንከተላት በእጇ ዝም በሉ አለችን። (የክርስትና ስሙን ለአክስቴ ኃይለ ሚካኤል ነው ብላ ስትነግራት ሰምቻለሁ። አይደለም።) ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል። ቢነቃም ሊመልስላት የሚችል ዕድሜ ላይ አይደለም። እሷ ግን ድሮ እኛን ከወንዝ ትጠራበት በነበረው ድምፅ፣ ወደ አጥሩ ማዶ፣

«ዕርቅይሁን!» ብላ ተጣራች።

ማዶ ግቢ ውስጥ የሆነ ዕቃ ወደቀ።  እናቴ አንገቷን አስግጋ ቆየች።

«አቤት!» አለች እትየ ይታይሽ።